ዔሊ በግቢ ስትያዝ ስለሚገባት ምግብ

በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ቅድስት ሄሌና የምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ይህች ደሴት ስሟ በዓለም ሁሉ የተሰማው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ቦናፓርቴ በ1815 ዓ.ም. ተግዞ ሄዶ በ1821 ዓ.ም. የሞተባት ስለ ሆነች ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት፥ የኢትዮጵያ አዋጅ ከሚጠቀስበት በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን በዚያች ደሴት ላይ ከናፖሊዮን ይልቅ እጅግ ረጅም ዘመን የኖረ ሌላ እንግዳ ደግሞ ይታወቃል። እርሱም ጆናታን የተባለው ታላቁ ዔሊ ነው።

ጆናታን ከሲሸልስ ደሴቶች በመርከብ ተጭኖ በ1882 ዓ.ም. ወደ ቅድስት ሄሌና በመጣ ጊዜ እድገቱን የጨረሰ ዔሊ ነበረ። የዚህ ወገን ዔሊ እድገቱን እስኪጨርስ ድረስ 50 ዓመት ያህል ይፈጅበታል ተብሎ ስለሚገመት፥ የተወለደበት ዘመን 1832 ዓ.ም. ገደማ ነው ተብሎ ተቆጠረ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ 190 ዓመት እንደ ሞላው ታስቦ፥ በታሪክ ከታወቁት ዔሊዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ መሆኑ በጊነስ የዓለም መዝገብ ተጻፈለት። መኖሪያው እንዲሆን የተሰጠው ስፍራ ፕላንቴሽን ሃውስ የሚባለው የደሴቲቱ ገዥ ቤት ግቢ ነው። ገዥ በገዥ ሲተካ፥ አንዱ ሲሾም ሌላው ሲሻር፥ ዔሊው በዚያው መስክ ላይ ሣሩን እየጋጠ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ።

በእርጅናው ጊዜ ግን ችግር ደረሰበት። ዓይኖቹ በሞራ ተሸፍነው ታወሩ፤ የማሽተት ኃይሉም ጠፋ። የሚበጀውን ሣር ለይቶ ለመንጨት ስላልቻለ ሰውነቱ እየከሳ ሄደ፤ እንደ መቀስ ሣር ይቆርጥ የነበረው ምንቃሩም ደንዝዞ ይፈረፈር ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ ይህን ባዩ ጊዜ፥ የምንቃሩ መፈረፈር ከምግብ ጉድለት የመጣ መሆኑን ተረድተው፥ በሳምንት አንድ ቀን ጎመን፥ ካሮት፥ ኪያር፥ ፖምና ሙዝ የመሳሰለውን በእጃቸው ያጎርሱት ጀመር። ከዚህ በኋላ ክብደቱ ተመለሰ፤ የተፈረፈረው ምንቃርም እንደገና ስለት አውጥቶ በቀለ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ የዔሊ ምንቃርና ቅርፊት የበላችው ምግብ የሚጻፍበት መዝገብ መሆኑ ነው። በምግቧ ላይ የደረሰው ጉድለት ውሎ አድሮ በአካሏ ላይ ይነበባል፤ ጉድለቱም በጊዜ ከታወቀ ሊታረም ይችላል። ሁለተኛው፥ ለጆናታን የተሰጠው ፍራፍሬ ሣር መጋጥ ለተሳነው ዕውር ሽማግሌ በሳምንት አንድ ጊዜ የቀረበ መደገፊያ መሆኑ ነው። ያን ያህል ዘመን ያኖረው ሣሩ ነበረ። ይህን ሁለተኛውን ነገር ሳያስተውሉ፥ ዔሊ የሚይዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንስሳይቱን ከመውደድ የተነሣ ይገድሏታል።

በቆላ ወረዳ ለሥራ የተላከ ሰው በመንገድ ላይ ያገኛትን ዔሊ አንሥቶ ለልጆች መጫወቻ ትሆን ዘንድ ወደ ግቢው ማግባቱ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ አድራጎት ሕጉ የሚለው ከታች ይነገራል። እንግዳ ናትና ትከበር ተብሎም ከገበታው እንጀራ፥ ከፍራፍሬው ሙዝ፥ አንዳንድ ጊዜም የተቀቀለ ድንችና ወተት ይቀርብላታል። ዔሊይቱም የቀረበላትን ትበላለች፤ ባለቤቱም መብላቷን አይቶ ደስ ይለዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ቅርፊቷ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ሰውነቷን መሸከም ያቅታቸዋል፤ አንድ ቀን ጠዋትም ከተኛችበት ሳትነሣ ትቀራለች። ጎረቤቱም «ዔሊ በሰው ግቢ አትኖርም» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችል የነበረችውን እንስሳ የገደላት የገበታው ጥጋብ ነው።

ስለ ዔሊ ወገኖች

በኢትዮጵያ ከሚገኙት የየብስ ዔሊዎች ሁለቱ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። አንደኛይቱ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ በጥቁርና በብጫ የተዝጎረጎረ ናት፤ በስምጥ ሸለቆ፥ በአዋሽ ቆላና በደቡብ ቆላ አገሮች ትገኛለች። ሁለተኛይቱ መልኳ እንደ ደረቀ ሣር ሆኖ በኋላ እግሮቿ ጭን ላይ እንደ ሾህ የሾለ ጉጥ ያላት ናት፤ አገሯም ከሰሐራ በረሃ በታች ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ የተዘረጋው ደረቅ ምድር ነው። በዋናው ምድር ከሚኖሩት የየብስ ዔሊዎች ሁሉ ትልቋ ይህች ናት፤ ርዝመቷ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቷም ከ90 ኪሎ በላይ የሚደርስ ትገኛለች። ሁለቱም የሚኖሩት ሣርና የግራር ቁጥቋጦ ባለበት ሜዳ ስለ ሆነ፥ የአመጋገባቸው ሥርዓት አንድ ነው።

በኩሬና በወንዝ ዳር የምትኖረው የውሃ ዔሊ ግን ሌላ ወገን ናት። እርሷ ዓሣ፥ እንቁራሪትና ትል የምታድን ሥጋ በል ናት። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለየብስ ዔሊ ብቻ የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ የአንደኛይቱን ምግብ ለሁለተኛይቱ መስጠት ሁለቱንም መጉዳት ነውና።

ሣር ዋና ምግብ ስለ ሆነበት ምክንያት

የየብስ ዔሊ ጥርስ የላትም፤ በምንቃሯ እየቆረጠች ትውጣለች እንጂ እንደ ላምና እንደ በግ አታመሰኳም። የዋጠችውን ሣር የሚያብላሉላት፥ እንደ ፈረስና እንደ አህያ ሁሉ፥ በትልቁ አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህም ቃጫ ያለውን ሻካራ ምግብ ቀስ በቀስ እያፈረሱ ለሰውነቷ ጉልበት ያወጡላታል። ሥራው የሚፈጸመው በብዙ ቀናት ስለ ሆነ፥ የዛሬው ምግቧ የብዙ ቀን ስንቋ ነው ማለት ይቻላል።

ፈረስ ጎተራ ሰብሮ ገብስ የበላ እንደ ሆነ ሆዱ እንደሚነፋና እስከ ሞት እንደሚያደርሰው ባለ ፈረስ ሁሉ ያውቃል። የዔሊም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ስኳር የበዛበት ፍሬ ወይም የእህል ምግብ በብዛት ወደ አንጀቷ በገባ ጊዜ፥ ሣር የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሥርዓታቸው ይፈርሳል፤ ሆዷ ይነፋል፤ ተቅማጥም ይይዛታል። በሆዷ ያሉት ትሎችም እንዲህ ባለው ጊዜ ይበረታሉ። ስለዚህ የምግቧ ዋና ክፍል፥ ከ100 እጅ 80 እጅ ያህሉ፥ ሣርና ድርቆሽ መሆን ይገባዋል።

ስለ ካልሲየምና ስለ ፎስፎረስ

ዔሊ ቤቷን ተሸክማ የምትኖር እንስሳ ናት። ቅርፊቷ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር የተያያዘ ሕያው አጥንት ነው። ይህን የሚያህል አጥንት ለመሥራትና ለማጽናት ካልሲየም የተባለው፥ በኖራ ድንጋይና በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ በብዛት የሚገኘው፥ ንጥረ ነገር እጅግ ያስፈልጋታል። ዕንቁላል የምትጥል እናት ዔሊ ደግሞ ለዕንቁላሎቿ ቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም የምታወጣው ከራሷ አካል ስለ ሆነ፥ ፍላጎቷ ከሌሎቹ ይበልጣል። በዱር ያለችው ዝንጉርጉር ዔሊ የሞተ እንስሳ አጥንት ስትግጥ፥ አጥንት በል የሆነውን የጅብንም ነጭ ፋንድያ ስትበላ የተገኘችው ስለዚህ ነው። ነገሩ ለሚያየው የሚያስጸይፍ ቢመስልም፥ እንስሳይቱ የጎደላትን አውቃ መፈለጓን ያሳያል።

ከካልሲየም ጋር የሚሄድ ፎስፎረስ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አለ። እርሱም ለአካል የሚያስፈልግ ነው፤ ነገር ግን ከካልሲየም የበዛ እንደ ሆነ ካልሲየሙን ከአንጀት እንዳይገባ ያግደዋል፤ አካሉም የጎደለውን ከአጥንት እየሸረሸረ ያወጣል። ስለዚህ በዔሊ ምግብ ውስጥ ካልሲየሙ ቢያንስ የፎስፎረሱን ሁለት እጥፍ መሆን እንዲገባው ሐኪሞች ይናገራሉ። በሙዝ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ ፎስፎረሱ የካልሲየሙን አራት እጥፍ ያህል ነው። በስንዴና በገብስም እንዲሁ ፎስፎረሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጤፍ ምንም እንኳ ከሌላው እህል ይልቅ ካልሲየም ቢኖረው፥ በእርሱም ቢሆን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ይበዛል። ለሰው ጤና የሚሆነው እንጀራ ለዔሊ ቅርፊት ማለስለሻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ፀሐይ፥ ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ

ካልሲየም በምግብ ውስጥ ቢበዛም ያለ ቪታሚን ዲ ወደ አጥንት አይደርስም። ይህን ቪታሚን ዔሊ በቆዳዋ የምትሠራው ከፀሐይ ብርሃን ነው። በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የጨረር ክፍል በመስታወቱ ላይ ይቀራልና። ስለዚህ በሳጥን ወይም በጨለማ ክፍል የምትያዝ ዔሊ ምግቧ ምንም ያማረ ቢሆን አጥንቷ ይደክማል። በየቀኑ በቀጥተኛ ፀሐይ ልትመላለስ፥ ሲበዛባትም የምትጠለልበት ጥላ ልታገኝ ይገባል።

ሙቀትም የምግብ ክፍል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዔሊ እንደ ሰው ከውስጧ ሙቀት የምታመነጭ አይደለችም፤ አካሏ የሚሞቀው አየሩና መሬቱ ሲሞቅ ነው። ሆዷ ምግብ በሚገባ የሚያብላላው የአካሏ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ገደማ በደረሰ ጊዜ ነው። ከአዋሽ ቆላ ተነሥታ 2,400 ሜትር ከፍታ ወዳለው ደጋ የወጣች ዔሊ በብርድ ሌሊት ሆዷ ሥራውን ያቆማል፤ የበላችውም ሳይብላላ ይቆያል። ቆላ ያደገ ሰው ደጋ ሲወጣ ጋቢ እንደሚደርብ፥ ለእርሷም ደረቅ ድርቆሽ የተነጠፈበት፥ ነፋስ የማይገባበትና የሚሞቅ ማደሪያ ይደረግላት። ምግብም የሚሰጣት ጠዋት ፀሐይ ሞቃ መንቀሳቀስ ከጀመረች በኋላ ይሁን። በብርድ ጊዜ የማትበላውን ዔሊ በግድ ማጉረስ አይገባም፤ ከምግቡ በፊት ሙቀቱ ይቅደም። በአንዳንድ ብርድ አገር ያሉ ዔሊዎች ክረምቱን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ እነዚህ የቆላ ዔሊዎች ግን ይህ ልማድ ስለሌላቸው፥ በብርድ ፈዝዛ የተኛችውን «ክረምቱን ተኝታ ነው» ብሎ መተው ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ውሃ ደግሞ ሊነፈጋት አይገባም። ዔሊ በበረሃ ስለምትኖር ውሃ አትጠጣም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። አግኝታ በጠጣች ጊዜ ውሃውን በፊኛዋ ውስጥ ለድርቅ ቀን ታስቀምጠዋለች። በድንገት ብድግ ያደረጓት እንደ ሆነ ግን ከመፍራቷ የተነሣ ያጠራቀመችውን ታፈሰዋለች፤ በበጋ ይህ ቢሆን ሕይወቷን እስከ ማጣት ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ልጆች እያነሡ እንዳይጫወቱባት መከልከል ያስፈልጋል። ገብታ ልትወጣበት የምትችል ዝቅ ያለ የውሃ ሣህን ዘወትር በአጠገቧ ይኑር፤ ውሃውም በየቀኑ ይለወጥ።

ስለ ጫጩቶች በ2003 ዓ.ም. በቪየና የወጣ አንድ ምርመራ አለ። መርማሪዎቹ በጭኗ ላይ ጉጥ ያላትን የዔሊ ወገን ጫጩቶች አንዳንዶቹን በደረቅ፥ አንዳንዶቹን በርጥብ አየር፥ የፕሮቲናቸውንም መጠን እየለያዩ አሳደጉ። በደረቅ አየር ያደጉት ጫጩቶች ቅርፊታቸው እንደ ጉብታ እየተቆለለ ወጣ፤ የፕሮቲኑ መብዛትና ማነስ ግን በዚህ ረገድ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ትንሽ ጫጩት ማደሪያዋ ርጥበት ያለው እንዲሆን፥ በሳምንትም ጥቂት ጊዜ አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል እንድትቀመጥ ማድረግ ይጠቅማታል።

ስለሚሰጣት ምግብ

ከሁሉ የሚበልጠውና በየስፍራው በቀላሉ የሚገኘው ሰርዶ ነው። በግቢ ውስጥ የበቀለ ሰርዶ፥ የአረም መድኃኒት ካልተረጨበት፥ ለዔሊ የተዘረጋ ማዕድ ነው፤ ራሷ እየዞረች ብትግጠው ደግሞ ምንቃሯ በሥራ ይሳላል፤ እግሮቿም ይጠነክራሉ። በበጋ ሣሩ በደረቀ ጊዜ ሻጋታ የሌለበት መልካም ድርቆሽ ይቅረብላት። ድርቆሹን ለመብላት ብትለግም ቆራርጦ በውሃ አርሶ ከለምለም ቅጠል ጋር ቀላቅሎ መስጠት ያስለምዳታል።

ከሣሩ ቀጥሎ፥ ከ100 እጅ ወደ 20 እጅ የሚጠጋው፥ ሰፋፊ ቅጠልና አበባ ሊሆን ይችላል። ለሐር ትል የሚቀለበው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠልና መድኃኒት ያልተረጨበት የጽጌረዳ አበባ መልካም ናቸው። ፍሬው የሚበላው የበለስ ተክል ጠፍጣፋ ገላ ደግሞ፥ እሾሁ በእሳት ተለብልቦ ወይም ተፍቆ ከተቆራረጠ በኋላ፥ ካልሲየምና ውሃ ያለበት ምግብ ስለ ሆነ በበጋ ይጠቅማታል። አልፋልፋ ግን ፕሮቲኑ ብዙ ስለ ሆነ በጥቂቱ ብቻ ይሰጥ።

ከጓሮ አትክልት መካከል በማስተዋል የሚሰጡ አሉ። ቆስጣ ካልሲየምን አስሮ የሚያስቀር አሲድ ስላለበት ዘወትር አይሰጥም። ጎመንና ጥቅል ጎመን አልፎ አልፎ ቢሰጡ አይጎዱም፤ ብቻቸውን የየዕለት ምግብ ቢሆኑ ግን የእንቅርትን በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። ዱባና ካሮት ለመቅመስ ያህል ይበቃሉ። ፍራፍሬ፥ ሙዝም ማንጎም ፓፓያም ቢሆን፥ ለእነዚህ የሣር ዔሊዎች የምግባቸው ክፍል ተደርጎ አይቆጠርም።

ፈጽሞ የማይሰጡት ደግሞ እነዚህ ናቸው፤ እንጀራ፥ ዳቦ፥ ሩዝ፥ ባቄላና አተር፥ የዶሮ መኖ፥ ሥጋ፥ ወተትና አይብ፥ እንዲሁም ቅመምና ጨው የገባበት የወጥ ትርፍራፊ ሁሉ። ሥጋና ባቄላ ፕሮቲናቸው ሣር ለመብላት ከተፈጠረ አካል አቅም በላይ ስለ ሆነ ኩላሊቷን ያደክማሉ። ወተትም ቢሆን፥ ዔሊ ጡት የምትጠባ እንስሳ ስላልሆነች፥ ሆዷ ሊያብላላው አይችልም።

በአጥር ዙሪያ ስለሚበቅሉት መርዛም ተክሎች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉሎ፥ እንዶድ፥ ዕፀ ፋርስ፥ የወፍ ቆሎ፥ ጦቢያው፥ ቅንጭብና ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ሁሉ ዔሊ ከምትውልበት ስፍራ መወገድ ይገባቸዋል። የአቮካዶ ቅጠልም እንዲሁ አይሰጥም። በለስንና ወተት የሚያፈሰውን ቁልቋል የሚያምታቱ ሰዎች ስላሉ፥ ቆርጦ የሚያቀርበው አሽከር ወይም ልጅ ሁለቱን ለይቶ ማወቁ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ለካልሲየም መጨመሪያ የሚሆን ነገር በማናቸውም ቤት አይጠፋም። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ከ100 እጅ 95 እጅ ያህሉ የካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱ ታጥቦ፥ ከተቀቀለ በኋላ ደርቆ፥ እንደ ዱቄት ተወቅጦ ይቀመጥ፤ ከዚያም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቆንጠር እያደረጉ በቅጠሏ ላይ መነስነስ ነው። ለግንብና ለቀለም የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ግን አፍና አንጀት የሚያቃጥል ስለ ሆነ በፍጹም አይቅረብባት።

አጭር ሥርዓት

ዔሊ ላለበት ግቢ ባለቤትና ለሚጠብቃት ሰው እንዲመች ከላይ የተነገረው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ምግቧ በየቀኑ ጠዋት፥ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፥ የቅርፊቷን ስፋት በሚያህል ክምር ይቅረብ። ሰርዶ ባለበት መስክ የምትውል ከሆነች ተጨማሪው ጥቂት ይበቃል።

2ኛ፤ ከክምሩ አምስት እጅ አራቱ እጅ ሣርና ድርቆሽ፥ አንዱ እጅ ልዩ ልዩ ቅጠልና አበባ ይሁን። ቅጠሉ በየጊዜው ይለዋወጥ እንጂ አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን።

3ኛ፤ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይነስነስላት፤ ዕንቁላል ለምትጥለውና ለጫጩት ከዚህ ከፍ ይበል።

4ኛ፤ ንጹሕ ውሃ፥ ቀጥተኛ ፀሐይ፥ ጥላና ሙቀት ያለው ማደሪያ በማናቸውም ቀን አይጓደልባት።

5ኛ፤ ከገበታ የተረፈ ማናቸውም ምግብ አይሰጣት። ለልጆችም ይህ ይነገራቸው፤ እነርሱ በፍቅር የሚያካፍሏት ቁራሽ ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳት።

6ኛ፤ ክብደቷ በየወሩ ተመዝኖ ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ዔሊ በሽታዋን የምትሰውር እንስሳ ስለ ሆነች፥ የክብደት መቀነስ ከሌላው ምልክት ሁሉ ቀድሞ ይገለጣል።

ጤና ያላት ዔሊ ስትሄድ ሆዷን ከመሬት አንሥታ በአራት እግሯ ትቆማለች፤ ፋንድያዋ ጠንካራና የሣር ቃጫ የሚታይበት ነው፤ ዓይኗ የጠራ፥ አፍንጫዋም ደረቅ ነው። ያደገች ዔሊ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ፥ ሆዷን በመሬት እየጎተተች የምትሳብ፥ ምንቃሯ አድጎ እንደ ንስር ምንቃር የተቆለመመ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ግን ምግቧ ይመርመር፤ ወደ እንስሳት ሐኪምም ትወሰድ። ለዔሊ በሽታ ችኩል መድኃኒት የለም። ቅርፊት የሚለሰልሰው በብዙ ወራት እንደ ሆነ፥ የሚጸናውም በብዙ ወራት ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ባለቤቱ ታግሦ ሥርዓቱን ቢጠብቅ ፍሬውን ያየዋል።

ስለ ሕጉ

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወረዳ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 በወጣበት አገር፥ ዔሊን ያለ ፈቃድ ከዱር አንሥቶ መያዝ እንደ ጨዋታ ሊቆጠር አይገባም። በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነትም የየብስ ዔሊዎችን ንግድ በሥርዓት ወስኖታል። ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ወደዚህ ስምምነት ገብታለች። በጭኗ ላይ ጉጥ ያላት ዔሊም ለመጥፋት እንዳትደርስ፥ ከዱር ተይዞ ለንግድ ወደ ውጭ አገር የሚወጣው ቁጥር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ባዶ እንዲሆን ተወሰነ። ሹሙ በግቢው ያለ ፈቃድ የያዛትን ዔሊ ባላገሩ እያየ፥ ባላገሩን «ከዱር አታንሣ» ብሎ ቢያዝ ቃሉ አይሰማለትም።

ስለዚህ በዱር የተገኘች ዔሊ በተገኘችበት ስፍራ ትተው፤ መንገድ ስታቋርጥ የተገኘች እንደ ሆነ ወደምትሄድበት ወገን ቀስ ብሎ ማሻገር ይበቃል። ከብዙ ዘመን ጀምሮ በግቢ የኖረችውን ደግሞ «ሕግ ነውና» ብሎ ወስዶ ባልታወቀ ስፍራ መጣል ሌላ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለችው ዔሊ በሰው ዘንድ ሳለች የያዛትን በሽታ ወደ ዱር ልታደርስ ትችላለች፤ በማታውቀውም አገር ምግብና ውሃ ታጣለች። የሚበጀው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአካባቢው ላለው የዱር እንስሳት ሥራ ክፍል ማስታወቅና የሚሰጠውን ትእዛዝ መፈጸም ነው። ትእዛዙ እስኪመጣ ድረስም የዔሊይቱ ጤና በባለቤቱ እጅ ነው።

በቅድስት ሄሌና ደሴት ብዙ ገዦች እየተፈራረቁ ያንኑ አንድ ዔሊ እርስ በርሳቸው ተረካከቡ። ዔሊ ከአንድ ሹመት ዘመን፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የምትኖር ስለ ሆነች፥ ዛሬ የሚጠብቃት ሰው ለሚመጣው ባለ አደራ የሚያስረክባት ጤናዋ ሳይጓደል መሆን ይገባዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም፤ አጥር ውስጥ የበቀለ ሰርዶ፥ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት፥ አንድ ሣህን ውሃና የፀሐይ ብርሃን ይበቃል።